ሪፖርት ያልላከው ጤና ኬላ ግራፉ ላይ ዜሮ ሆኖ ይታያል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «በአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የጤና መረጃ ባለሙያ ነኝ። ከ25 ጤና ኬላዎች የሚመጣውን ሳምንታዊ የወባ ሪፖርት በኤክሴል አጠናቅራለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲበላሽ አንዳንድ ኬላዎች ሳይልኩ ሳምንቱ ያልፋል። ማጠቃለያው ሺት ላይ የእነሱ ቦታ 0 ሆኖ ይመጣል፤ የኬላው ግራፍም ቁልቁል ይወርዳል። በቀደም ኃላፊዬ አንዱን ግራፍ አይተው ‹እዚህ ወባ ጠፋ ማለት ነው?› ሲሉኝ ደነገጥኩ። ፎርሙላው በዜሮ ፈንታ ባዶ ጥቅስ እንዲመልስ አደረግሁ፤ ሴሉ ባዶ ሆነ፣ ግራፉ ግን አሁንም ዜሮ ላይ ነው። የፖዘቲቭ መቶኛ የማሰላበት ኮለም ደግሞ በ#ዲቭ/0! እና በ#ቫልዩ! ተሞልቷል። አንድ ባልደረባዬ ‹ሁሉንም ኢፍኤረር ውስጥ አስገቢና ዜሮ አድርጊው፣ ይጸዳልሻል› ብሎኛል። ኃላፊዬም ሪፖርት ላይ የስህተት ምልክት ማየት አይወዱም። ከሳምንታት በኋላ የሚደርሰውን ሪፖርትስ የት ላስገባው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የባልደረባሽን ምክር ለጊዜው ተይው። ኢፍኤረር ስህተት በመጣበት ሴል ላይ አንቺ የመረጥሽውን ነገር የሚተካ ፈንክሽን ነው። በቅንነት እንደመከረሽ አልጠራጠርም፤ ሺቱም በእርግጥ ይጸዳል። ነገር ግን ከምልክቶቹ ጋር አብሮ የሚጠፋው መረጃ ለወረዳችሁ በጣም ያስፈልጋል።

አንቺ እጅ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ኬላ ሪፖርት ልኳል፤ በሳምንቱ ውስጥ ግን አንድም የወባ ታማሚ አላገኘም። ይህ እውነተኛ 0 ነው። ሌላው ኬላ ጭራሽ አልላከም። ስለዚያ ቀበሌ በዚያ ሳምንት የምናውቀው ነገር የለም። ሦስተኛው ሪፖርቱን ልኳል፤ ፎርሙላው ግን ሊያገኘው ወይም ሊያሰላው አልቻለም። ሁሉንም ዜሮ ካደረግሻቸው ሦስቱን የሚለይ ሰው አይኖርም፤ አንቺም ከወር በኋላ አትለያቸውም። ኬላዎች ታማሚ ባይኖራቸውም እንኳ «ዜሮ» ብለው እንዲልኩ የሚጠየቁት ለዚሁ ነው። ዝም ያለው ኬላ «የለም» ካለው ኬላ ጋር እንዳይቀላቀል።

ደግሞ ሪፖርት የሚቀረው መቼ እንደሆነ አስቢ። ወንዝ ሲሞላ፣ መንገድ ሲቆረጥ፣ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ነው። ክረምት ማለት ነው። የወባው ዋና ወቅት ደግሞ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ ኬላው ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ ወባው ሊነሳ ሲል ወይም ከተነሳ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ግራፉ «ዜሮ» ካለ የመመርመሪያ ኪቱና መድኃኒቱ ወደ ሌላ ቀበሌ ሊላክ ይችላል። መደንገጥሽ ልክ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ፎርሙላዎቹን ለንባብ እንዲመቹ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ኤክሴል ላይ ስታስገቢ የፈንክሽኑንም የሴሉንም ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፊው። የሺትሽን አቀማመጥ ደግሞ እንዲህ ገምቻለሁ፦ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሳምንት ነው፣ 25ቱ ኬላዎች ከሲ እስከ ኤኤ ባሉት ኮለሞች ተደርድረዋል፤ ከኬላዎቹ የመጣው ቁጥር የሚገባበት ሺት «ሪፖርት»፣ ማጠቃለያው ሺት ደግሞ «ማጠቃለያ» ይባላል።

ያ ዜሮ ከየት መጣ? ኤክሴል ላይ ባዶ ሴልን በ =ሪፖርት!ሲ5 ብትጠሪው ባዶ አይመልስልሽም፤ 0 ነው የሚመልሰው። ስም ፈልጎ ከጎኑ ያለውን ቁጥር የሚያመጣው ቪሉክአፕም እንደዚያው ነው። የኬላውን ስም አግኝቶ ቁጥሩ ያለበት ሴል ባዶ ከሆነ 0 ይሰጥሻል፤ ምንም ምልክትም አያሳይም። ስለዚህ መጀመሪያ ሴሉን ጠይቂው፦

=ኢፍ(ሪፖርት!ሲ5="","",ሪፖርት!ሲ5)

ምንጩ ባዶ ከሆነ ባዶ፣ 0 ከሆነ 0 ይመጣል። ይህን አንቺም ሞክረሻል፤ እስከዚህ ድረስ ልክ ነሽ።

ችግሩ ያ ባዶ ጥቅስ የሚያደርገው ነገር ነው። ለዓይን ባዶ ይመስላል እንጂ ለኤክሴል ጽሑፍ ነው፤ ምንም ፊደል የሌለበት ጽሑፍ። ኢዝብላንክ (ባዶ ነው ወይ?) ብለሽ ብትጠይቂው «ፎልስ» (አይደለም) ይልሻል። የሚደምረው ሰም እና አማካይ የሚያወጣው አቬሬጅ የሴሎች ክልል ሲሰጣቸው ይዘሉታል፤ ይህ ጥሩ ነው። በመደመር ምልክት =ሲ5+ዲ5 ካልሽ ግን #ቫልዩ! ይመጣል። ድምሮችሽን ሁሉ በሰም ሥሪያቸው።

ከዚህ የባሰ አደጋ አለ፤ እሱ ምንም የስህተት ምልክት አያሳይም። ኤክሴል ቁጥርንና ጽሑፍን ሲያወዳድር ሁልጊዜ ጽሑፉን ትልቅ አድርጎ ነው የሚያየው። ስለዚህ የታማሚው ቁጥር ከገደቡ ሲያልፍ «አስጊ» እንዲል =ኢፍ(ሲ5>20,"አስጊ","") ብለሽ ከሠራሽ፣ ባዶ ጥቅስ ያለበት ኬላ ሁሉ «አስጊ» ይልልሻል። ጭራሽ ምንም ያልተጻፈበት ሴል ደግሞ እንደ 0 ይቆጠርና ዝም ይላል። ሁለቱም ኬላዎች ሪፖርት አልላኩም፤ አንዱ ግን ወረርሽኝ፣ ሌላው ሰላም ተባለ። ይህን የሚያስተካክለው ሴሉ ቁጥር መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ነው፦

=ኢፍ(ኢዝነምበር(ሲ5),ኢፍ(ሲ5>20,"አስጊ",""),"ሪፖርት የለም")

20ን ለምሳሌ ነው ያስገባሁት፤ አንቺ የኬላውን የራሱን ገደብ የያዘውን ሴል ጥሪ። «ሪፖርት የለም» የሚለው ቃል በግልጽ መታየቱ ራሱ አንድ መረጃ ነው። ሰኞ ጠዋት ለየትኛው ኬላ መደወል እንዳለብሽ ይነግርሻል።

ኬላዎቹ ራሳቸው የሚልኩትን ቅጽም እይው። አንዱ ሰረዝ ያደርጋል፣ ሌላው «የለም» ይላል፣ ሌላው ባዶ ይተወዋል። ሰረዝ ለኤክሴል ጽሑፍ ነው፤ ድምር ውስጥ አይገባም። ያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በሰረዙ ምን ማለት እንደፈለገች ደግሞ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። በአንድ አጭር መልእክት ሁሉንም አስማሚያቸው፦ ታማሚ ከሌለ 0 ይጻፍ፤ ሰረዝ አይደረግ፤ ባዶ አይተው።

ወደ ግራፉ እንምጣ። የመስመር ግራፍ ጽሑፍ ያለበትን ሴል እንደ 0 አድርጎ ነው የሚስለው። ባዶ ጥቅስሽ ያልሠራው ለዚህ ነው። ግራፍ የሚዘለው ምልክት አንድ ነው፤ እሱም #ኤን/ኤ ነው። ያንን ምልክት ሆን ብለሽ የምታመጪበት ፈንክሽን አለ፤ ኤንኤ() ይባላል። ነገር ግን #ኤን/ኤ ያለበትን ክልል በሰም ወይም በአቬሬጅ ብታሰይው ውጤቱም #ኤን/ኤ ይሆናል። ለሂሳብ የሚመቸው ለግራፍ አይመችም፣ ለግራፍ የሚመቸው ሂሳቡን ያበላሻል።

መፍትሔው ሁለቱን መለየት ነው። ማጠቃለያው ሺት ባዶ ጥቅሱን ይዞ ይቀመጥ። አንድ ሌላ ሺት ክፈቺና «ለግራፍ» በይው። እዚያ ላይ በየሴሉ ይህን አስገቢ፦

=ኢፍ(ኢዝነምበር(ማጠቃለያ!ሲ5),ማጠቃለያ!ሲ5,ኤንኤ())

ግራፎችሽ ሁሉ ከዚህ ሺት ይሳሉ። ሺቱን ማንም ስለማያየው #ኤን/ኤ ቢሞላበት ግድ የለም። ገና ያልደረሱት ሳምንታትም #ኤን/ኤ ስለሚሆኑ መስመሩ የመጨረሻው ሪፖርት ላይ ይቆማል፤ ወደ ዜሮ አይወድቅም። ሁለት ሺት መያዝ የማይመችሽ ከሆነ አግሪጌት የሚባል ፈንክሽን ከኤክሴል 2010 ጀምሮ አለ። =አግሪጌት(9,6,ሲ5:ሲ56) ስትይ ስህተቶችን ዘሎ ይደምራል፤ 9ኙን በ1 ብትለውጪው አማካይ ይሰጥሻል። እኔ ግን ሁለት ሺቱን እመርጣለሁ። አንቺ ፈቃድ ላይ ስትሆኚ ፋይሉን የሚረከብ ሰው ሊገባው ይገባል።

አንድ ውሳኔ ይቀርሻል። ግራፉ ሳምንቱን ሲዘል መስመሩ ይቆረጥ ወይስ ይቀጥል? ግራፉ ላይ በቀኝ ተጫኚ፣ «ሴሌክት ዳታ» ግቢ፣ ከታች በግራ «ሂድን ኤንድ ኤምፕቲ ሴልስ» የሚለውን ክፈቺ። ባዶ ሴሎችን ክፍተት ማድረግ፣ ዜሮ ማድረግ ወይም በመስመር ማገናኘት የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ታገኛለሽ። ለወባ ክፍተቱን ምረጪ። ማገናኘት ማለት ባልታወቀው ሳምንት ላይ ግምት መሳል ነው፤ የሚያየው ሰው ደግሞ ግምት መሆኑን አያውቅም። በአዲሱ ማይክሮሶፍት 365 እዚያው ላይ #ኤን/ኤን እንደ ባዶ ሴል አሳይ የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት አድርጊበት። በድሮ ኤክሴል ግን ይህ ሳጥን የለም፤ #ኤን/ኤ ሲመጣ መስመሩ ግራና ቀኙን ያገናኛል። ያለሽ የድሮው ከሆነ በየሳምንቱ ነጥብ እንዲታይ «ማርከር» አብሪ። ነጥብ የሌለበት ሳምንት ሪፖርት ያልመጣበት መሆኑን ከግራፉ ሥር ጻፊ።

የፖዘቲቭ መቶኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። #ዲቭ/0! የመጣው የተመረመሩት ቁጥር 0 ወይም ባዶ ስለሆነ ነው። #ቫልዩ! የመጣው ባዶ ጥቅስን ለማካፈል ስለሞከርሽ ነው። ሳያሳይሽ የሚያልፍ ሦስተኛም አለ። የተመረመሩት ተሞልቶ ፖዘቲቩ ባዶ ከቀረ፣ ኤክሴል በጸጥታ 0 በመቶ ይልሻል። በኬላው ዝርዝር ላይ ቢ የተመረመሩት፣ ሲ ፖዘቲቭ የሆኑት ቢሆኑ፣ ሁሉንም የሚይዝ ይህ ነው፦

=ኢፍ(ካውንት(ቢ5:ሲ5)<2,"ያልተሟላ",ኢፍ(ቢ5=0,"ምርመራ የለም",ሲ5/ቢ5))

ካውንት ቁጥሮችን ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ ካውንትኤ ግን ባዶ ጥቅስንም ይቆጥራልና እዚህ አይሆንም። «ምርመራ የለም» የሚለውን ደግሞ በቀላሉ አትለፊው። በመስከረምና በጥቅምት አንድም ሰው ያልመረመረ ኬላ ካለ ኪት አልቆበት ሊሆን ይችላል። ባልደረባሽ እንዳለው ዜሮ ብታደርጊው ኖሮ ኪት ያለቀበት ኬላ ወባ የሌለበት ኬላ መስሎ ያልፍ ነበር።

የወረዳውን መቶኛ ስትሠሪ የኬላዎቹን መቶኛ በአቬሬጅ አታማክዪ። አንድ ኬላ 2 ሰው መርምሮ 1 ፖዘቲቭ አገኘ፤ 50 በመቶ። ሌላው 98 መርምሮ 9 አገኘ፤ ወደ 9 በመቶ። አማካዩ ወደ 30 በመቶ ይወጣል። እውነቱ ግን ከ100 ሰው 10፣ ማለትም 10 በመቶ ነው። ፖዘቲቩን ሁሉ ደምሪ፣ የተመረመሩትን ሁሉ ደምሪ፣ ከዚያ አካፍዪ። «ያልተሟላ» ያለውን ኬላ ከሁለቱም ድምር አውጪው፤ ከላይ ብቻ ወይም ከታች ብቻ ከገባ መቶኛውን ያዛባል።

አሁን ስለ ኢፍኤረር። ፈንክሽኑ ከኤክሴል 2007 ጀምሮ ያለና የሚጠቅም ነው። ግን የትኛው ስህተት እንደሆነ አይመርጥም። የተሰረዘ ኮለም የሚያመጣውን #ሬፍ!፣ በስህተት የተጻፈ ፈንክሽን የሚያመጣውን #ኔም?፣ ሁሉንም አንድ ላይ ይሸፍናል። እኛ አገር ደግሞ አንድ የተለየ ችግር አለ። የኬላው ስም አንድ ሺት ላይ «ፀሐይ በር»፣ ሌላው ላይ «ጸሃይ በር» ተብሎ ይጻፋል። ስናነበው አንድ ነው፤ ለኤክሴል ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ እንዲሁ። ከስሙ ኋላ የተረሳች ባዶ ቦታም ያው ናት። ቪሉክአፕ ስሙን ሲያጣ #ኤን/ኤ ይልሻል፤ መልካም አድርጓል። በኢፍኤረር ዜሮ ካደረግሽው ግን ያ ኬላ በየሳምንቱ ሪፖርት እየላከ፣ ዓመቱን ሙሉ ወባ የሌለበት ሆኖ ይቀመጣል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኬላ ቁጥር ወይም ኮድ ስጪውና በኮዱ ፈልጊ። ስሙ የግድ ከሆነ «ዳታ ቫሊዴሽን» ተጠቅመሽ ከዝርዝር እንዲመረጥ አድርጊ፤ በእጅ አይጻፍ። ከፍለጋው የሚመጣውን #ኤን/ኤ በቃል መተካት ከፈለግሽ ከ2013 ጀምሮ ኢፍኤንኤ አለ። እሱ #ኤን/ኤን ብቻ ይይዛል፤ ሌሎቹ ስህተቶች ይታዩሻል። በዜሮ ፈንታም «ስሙ አልተገኘም» በይበት።

ምልክት የሌለው ስህተት ምን እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ ታይቷል። የኮቪድ ምርመራ ውጤቶች 65,536 ረድፍ ብቻ በሚይዘው የድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ይጠናቀሩ ነበር። ፋይሉ ሲሞላ ትርፉ ውጪ ቀረ። ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 በነበሩት ቀናት 15,841 ፖዘቲቭ ሰዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ቀሩ፤ ከእነሱ ጋር የተገናኙትን ሰዎች የመፈለጉ ሥራም ዘገየ። አንድ ቀይ ምልክት ወጥቶ ቢሆን በዚያው ቀን ይደረስበት ነበር።

ስለ ኃላፊሽ። ንጹሕ ወረቀት መፈለጋቸው ተገቢ ነው፤ እሱን ፎርሙላውን ሳትነኪ ልትሰጫቸው ትችያለሽ። «ፔጅ ሴትአፕ» ውስጥ «ሺት» የሚለው ገጽ ላይ «ሴል ኤረርስ አዝ» የሚል ምርጫ አለ። «ብላንክ» ካደረግሽው ሲታተም ስህተቶቹ ባዶ ሆነው ይወጣሉ፤ ፋይሉ ላይ ግን ለአንቺ ይታያሉ። በአንጻሩ ዜሮዎችን አሳይ የሚለውን የኤክሴል ምርጫ አትንኪው። እሱን ካጠፋሽው የላከውና ያልላከው ኬላ እንደገና አንድ መልክ ይይዛሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ከድምሩ አጠገብ አንድ ኮለም ጨምሪላቸው። =ካውንት(ሲ5:ኤኤ5) ስንት ኬላ እንደላከ ይነግርሻል። ለምሳሌ ባለፈው ሳምንት 25ቱም ልከው 60 ታማሚ ነበር እንበል። በዚህ ሳምንት 16 ልከው 48 ሆነ። ግራፉ «ቀነሰ» ይላል። በኬላ ሲሰላ ግን ከ2.4 ወደ 3 ጨምሯል። ኬላዎቹ እኩል ሕዝብ ስለሌላቸው ይህም ሻካራ ነው፤ የተሻለው በሁለቱም ሳምንት የላኩትን ብቻ ማወዳደር ነው፦

=ሰምፕሮዳክት(--ኢዝነምበር(ሲ5:ኤኤ5),--ኢዝነምበር(ሲ6:ኤኤ6),ሲ6:ኤኤ6)

ይህ የአሁኑን ሳምንት ድምር ይሰጥሻል። መጨረሻ ላይ ሲ5:ኤኤ5 ብታደርጊው የእነዚያኑ ኬላዎች ያለፈ ሳምንት ድምር ታገኛለሽ። ለኃላፊሽ «48 ታማሚ፣ ከ25 ኬላ 16ቱ የላኩ» ብለሽ ስታቀርቢ የሚጠይቁት ስለቀሩት 9 ኬላዎች ይሆናል። በዚያን ጊዜ ስም ዝርዝሩን ይዘሽ ጠብቂያቸው።

ዘግይቶ የመጣውን ሪፖርት ሁልጊዜ በራሱ ሳምንት ረድፍ ላይ አስገቢው፤ የደረሰበትን ቀን በሌላ ኮለም መዝግቢ። በደረሰበት ሳምንት ላይ ከደመርሽው፣ የሦስት ሳምንት ታማሚ በአንድ ሳምንት ተከምሮ ወረርሽኝ የተነሳ ያስመስላል። በራሱ ቦታ ሲገባ ያለፉት ሳምንታት ድምር ይለወጣል፤ ባለፈው ወር ያተምሽው ግራፍና የዛሬው ላይገጥሙ ይችላሉ። እንዳያከራክርሽ እያንዳንዱ የምታትሚው ግራፍ ሥር «እስከዚህ ቀን በደረሱ ሪፖርቶች የተሠራ» ብለሽ ቀኑን ጻፊበት።